ፋጡማ እግሯን የሰበሰበች ዕለት

ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት ልገዛ እዚሁ ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ወጥቼ አንድ ሱቅ በር ላይ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ሰው ጠርቶኝ አይደለም፤ ሽታ ነው ያስቆመኝ። የጋለ ወረቀትና የፎቶ ኮፒ ቀለም ሽታ። ባለሱቁ ጄኔሬተሩን ደጅ ላይ አስነስቶ የሰዎችን የመኖሪያ ወረቀት ያባዛል። ከተማው ከጦርነቱ በኋላ ነፍስ መዝራት ከጀመረ ወዲህ ሰው ሁሉ መኖሩን በወረቀት ማስመስከር ይዟል። እኔ ግን ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ፣ ሳጃና ሰፈር ገባሁ። የዛሬዋን ሳጃና ማለቴ አይደለም፤ እሷን ገና ደፍሬ አላየኋትም። የዱሮዋን ነው፣ ዓርብ ዓርብ ከየቪላው የተለቀቀው የሐበሻ ሴት ሁሉ ሂናውን ተቀብቶ፣ ሽቶውን ደፍቶ የሚጎርፍባትን። ያኔ ትንሽ ፍራንክ ይዘሽ ብትወጪ ፉልሽን በልተሽ፣ ከሻይ ሻጯ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ሻይሽን ጠጥተሽ፣ የካሴት ሱቁ ደጃፍ ቆመሽ በነፃ ዘፈን ሰምተሽ፣ ለሐፍላውም ተርፎሽ ትመለሻለሽ። ሐፍላ የምንለው ያንን በሩ በገመድ የሚታሰረውን አውቶቡስ ነው። ባለሱቁ "ያ ኻላ፣ የሚባዛ አለሽ?" ሲለኝ ነቃሁ። አክስቴ ማለቱ ነው። አያቱ ልሆን እንደምችል ልነግረው ከጀለኝና ተውኩት፤ ሰው በገዛ ፈቃዱ ዕድሜ ሲቀንስልሽ ዝም ነው።

የማያውቀኝ ይበዛልና ማን እንደሆንኩ ልናገር። ስሜ ዘሀራ ይባላል። ከወሎ ስመጣ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር፤ ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ ባለ ሦስት ፎቅ ቪላ ውስጥ ምግብ አብሳይ ሆኜ ስንት ዘመን ኖሬያለሁ። በቀን ባሚያና ሙላህ የሚሉትን ወጥ እሠራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ፣ ቤተሰቡ ጋደም ሲል፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደፋ ብዬ የጂኒ ታሪክ እጽፋለሁ። አዎ፣ የጂኒ። የፍቅር ታሪክ ሞክሬ ነበር፤ በሦስተኛው ገጽ ላይ ወንድየው የፍየል ኮቴ አብቅሎ ቁጭ አለ። ምን ላድርግ፣ እጄ ወደዚያ ይሄዳል። የሳጃና ሴቶች "ኡም ጂን" ብለው ሰየሙኝ፣ የጂኒ እናት። ሌላ የምጠራበት ልጅ ስላልወለድኩ ስሙን ወድጄው ነበር።

ይህን ሁሉ ያለ ፋጡማ ማሰብ አልችልም። ፋጡማ የዚያው ቤት ልብስ አጣቢ፣ የክፍል ተጋሪዬ፣ የአገሬ ልጅ። ቁመቷ የበር መቃን የሚደርስ፣ የጋዝ ሲሊንደር ብቻዋን ተሸክማ ደረጃ የምትወጣ ጉልበተኛ ናት። ፈሪ ናት ስላችሁ ግን እንደ እሷ ያለ ፈሪ ካርቱም አላየችም። ድመት ትፈራለች። የራሷን ሻሽ ሚስማር ላይ ሰቅላ ስትመለስ ሰው መስሏት ትጮሃለች። ልብሱ የሚሰጣው ጣሪያ ላይ ነበር፣ ከትልቁ የውሃ ታንከር ጎን፤ እሷ ደግሞ ታንከሩ ውስጥ ውሃው ሲንቦጫቦጭ የሆነ ሰው የሚጉመጠመጥ ይመስላታል። ስለዚህ ልብስ ልታወርድ ስትወጣ እኔ ወጤን ትቼ ደረጃው ሥር እቆማለሁ። ቆሜም እዘፍናለሁ። ግጥሙ የኛው የሁለታችን ነው፣ ዜማውም ለዜማ የሚበቃ አይደለም። "አለሁ እታች፣ አለሁ እታች" እላለሁ፤ እሷ ከላይ "አለሁ እላይ" ትለኛለች። ድምፄ ከተቋረጠ ግማሹን ልብስ ጥላ ነው የምትወርደው።

አንድ ጊዜ ሆን ብዬ አቋርጬባት የቤቱን እመቤት የማዳምን የሐር ቶብ፣ ያንን የሱዳን ሴቶች የሚጠመጠሙትን ረጅም ጨርቅ፣ በትከሻዋ ላይ እየጎተተች፣ በአንድ እግር ጫማ ስትንደረደር መጣች። ሁለታችንም መሬት ተቀምጠን አለቀስን በሳቅ። ያ ሳቋ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ መጀመሪያ ድምፅ የለውም፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ድንገት ፈንድቶ ቤቱን ይሞላዋል። የዚያን ጊዜ ካፉሪ ሲመሽ ያስሚን ያስሚን ይሸታል፤ ሙከየፉ፣ ያ በእርጥብ ገለባ አየር የሚያቀዘቅዘው ሳጥን፣ ደግሞ የዝናብ ሽታ ይነፍሳል። እኔ በሕልሜ ወደ አገሬ ሄጄ አላውቅም። የምሄደው ወደዚያ ወጥ ቤት ነው።

ታሪኮቼን የምፈትናቸው በፋጡማ እግር ነበር። አልጋዋ ከፍ ያለ የብረት አልጋ ነው፤ ጫፉ ላይ ተቀምጣ እግሯን አንጠልጥላ ታዳምጠኛለች። ፍርሃቱ ሲገባት እግሯን ትሰበስባለች፤ ከአልጋ ሥር የሚይዛት ነገር እንዳይኖር። ሁለቱም እግር አልጋው ላይ ከወጣ ታሪኩ ለዓርብ ደርሷል ማለት ነው። አንዱ ብቻ ከወጣ እንደገና እጽፈዋለሁ። ሁለቱም እንደተንጠለጠሉ ከቀሩ ወረቀቱ ለከሰል ማቀጣጠያ ይሆናል። እሷ "ቆንጆ ነው፣ ዋላሂ ቆንጆ ነው" እያለች ልታባብለኝ ትሞክራለች፤ እኔ አፏን አልሰማም፣ እግሯን ነው የማየው። በኋላ ሥራዬን የሚያደንቁና የሚነቅፉ የተማሩ ሰዎችም ገጥመውኛል፤ የማንኛቸውም አስተያየት የፋጡማን እግር አያህልም።

እግሯ የፈቀደውን ይዤ ዓርብ ወደ ጋሽ ገረመው እሄዳለሁ። ጋሽ ገረመው ሳጃና ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጡ፣ አንዲት የምታቃስት የፎቶ ኮፒ ማሽን ያለቻቸው የጎንደር ሰው ነበሩ። አጥባቂ ክርስቲያን ናቸው፤ ጽሑፌን ከመንካታቸው በፊት ያማትባሉ፣ ወረቀቱንም ገልብጠው ጀርባውን እያዩ ነው ማሽኑ ላይ የሚያስቀምጡት። በዐቢይ ጾም ጭራሽ አያባዙልኝም፤ "እህቴ ዘሀራ፣ ጂኒው እስከ ፋሲካ ይረፍ" ይሉኛል። አላነበብኩም፣ አላነብም ብለው ይምላሉ። ከዚያ ወረቀቱን በስቴፕለር ሽቦ ቀጭ እያደረጉ ሲጠርዙ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ለመሆኑ ያቺ ልጅ ከጉድጓዱ ወጣች?" ብለው ይጠይቁኛል። መጽሐፍ ተብዬው እንግዲህ ይኸው ነበር፣ መዳፍ የምታክል፣ ሽፋኗ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሣለች። በሁለት ብርጭቆ ሻይ ዋጋ እሸጣታለሁ፤ አንዷ ገዝታ ዐሥሩ ያነቧታል፣ ማንበብ የማትችለዋ ደግሞ ዘላቢያ ገዝታ ለአንባቢዋ ትጋብዛለች።

ከሁሉም የታወቀችው የታንከሯ ሙሽራ ናት። ሠርጓ ቀን የጠፋች ልጅ በቪላ ጣሪያ ላይ የውሃ ታንከር ውስጥ ትኖራለች፤ ልብስ የሚያሰጣው ሰው ጀርባውን ሲሰጣት ክዳኑን ከፈት አድርጋ ታያለች። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር አታደርግም፣ ታያለች። ፋጡማ ለዚህኛው እግሯን ብቻ ሳይሆን ምንጣፉን ጭምር ነው የሰበሰበችው። ችግሩ ታንከር የሌለው የካፉሪ ቪላ አለመኖሩ ነው። በሳምንቱ ከሰፈሩ ሐበሻ ሠራተኛ ማን ጣሪያ ይውጣ። ልብስ እዚያው እንደተሰጣ አድሮ፣ ሀቡቡ፣ ያ ቀይ የአቧራ ማዕበል፣ መጥቶ ነጩን ጀለቢያ ሁሉ ጡብ አስመሰለው። ማዳሞቹ እርስ በርስ ስልክ ተደዋወሉ አሉ። አመፅ የተነሣ የመሰላቸውም ነበሩ።

የኛ ቤት ትልቅ ሰው የማዳም እናት ነበሩ፣ ሃጃ የምንላቸው። እሳቸው አንድ ቀን ያቺን መጽሐፍ ከፋጡማ ፍራሽ ሥር አገኟት። የማያውቁት ፊደል፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ የተደፋ ሴት ሥዕል፣ ከፍራሽ ሥር። ድግምት ነው ብለው ደመደሙ። በከሰል መቆንጠጫ ይዘው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ሳሎን ድረስ አመጧትና ሁለታችንን አስጠሩ። በዚህ ምክንያት ከሥራ መባረር ብቻ ሳይሆን ፖሊስ ቤት መግባትም አለ። ድግምት አለመሆኑን ለማሳየት ያለኝ መንገድ አንድ ነበር፣ ባለችኝ የወጥ ቤት ዓረብኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረኩላቸው። ሃጃ ሶፋው ላይ ተቀምጠው በመቆንጠጫው መሬቱን ቆርቆር፣ ቆርቆር ያደርጉ ነበር። ቆርቆሩ ቆመ። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና እግራቸውን ቀስ ብለው ሶፋው ላይ አወጡ። ፋጡማ በክርኗ ጎሸመችኝ። ሃጃም፣ ከዛሬ ጀምሮ ደረጃው ሥር ያለችው ዘፈኗን ከፍ ታድርገው፣ እኔም ልስማው አሉ። ዓርብ ከሳጃና ስመለስም ሌላ ነገር ሳይጠይቁ "ምን ጻፍሽ?" ነበር የሚሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሆነ። እሱን አልጽፈውም፤ የሚጽፈው ሞልቷል። ሃጃን ልጆቻቸው ወደ ካይሮ ይዘዋቸው ወጡ። ጋሽ ገረመው ያቺን የምታቃስት ማሽን ትተው አዲስ አበባ ገቡ። እኔ ዞሬ ዞሬ ተመልሼ ሐጅ ዩሱፍ፣ እዚችው ባለ አንድ ክፍል ቤቴ ውስጥ ነኝ፤ ጎረቤቱ አንድ በአንድ እየተመለሰ ነው፣ ማታ ማታ በየጓሮው የድስት ድምፅ መሰማት ጀምሯል። ፋጡማ ደግሞ በእግሯም በጭነት መኪናም ድንበር ተሻግራ ኮምቦልቻ፣ ሴት ልጇ ቤት ደረሰች። መንገድ ላይ ያየችውን አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳት።

ጋሽ ገረመው ግን ለካ ከንብረታቸው ሁሉ መርጠው የኔን የጂኒ መጻሕፍት በፌስታል አንጠልጥለው ነው የሄዱት። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ያስቀሩ ነበር። ስልክ ደውዬ ሳመሰግናቸው "አንብቤያቸው እንዳይመስልሽ" አሉኝ። እሳቸው መጻሕፍቱን የሰጧት አንዲት የአሳታሚ ድርጅት አርታኢ፣ ትዕግሥት የምትባል ደርባባ ልጅ፣ ባለፈው ወር ደወለችልኝ። ታሪኮቼን በአንድ ጥራዝ ልታሳትማቸው ነው። የእውነት መጽሐፍ፣ ጀርባው ላይ ስም ያለው። "ሆረር አሁን ወጣቱ በጣም ይወደዋል፣ እትዬ ዘሀራ" አለችኝ። ሆረር ይሉታል ዛሬ። ሥነ ጽሑፍ የት እንደተማርኩ ጠየቀችኝ፣ ካፉሪ፣ ወጥ ቤት አልኳት፤ ኮሌጅ መስሏት ጻፈችው መሰለኝ። ለጀርባ ሽፋን ትንሽ የሚያስፈራ ፎቶ ላኪልኝ ስትለኝም የመኖሪያ ፈቃዴን ፎቶ ላክሁላት፤ ከዚያ የባሰ ፊት የለኝም። ልጅቱ ስቃ ስቃ ስትጨርስ አንድ ነገር ጨመረች፤ መጽሐፉን የሚዘጋ አዲስ ታሪክ ያስፈልጋል፣ ከበዓሉ የመጽሐፍ ገበያ በፊት።

ጻፍኩ። ሰው የሌለበት ሰፈር፣ ጨለማ፣ በር የሚሰብሩ ሰዎች፣ ደምም አለበት። ትዕግሥት አንብባው መብራት አብርቼ አደርኩ ብላ ላከችብኝ። ደስ አለኝ፣ አላመንኳትም ግን፤ እሷ እንጀራዋ ነው መፍራት። ኮምቦልቻ ደወልኩና ለፋጡማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላት። ስጨርስ እንደ ዱሮዋ ቆንጆ ነው አለች። እኔም እግርሽስ አልኳት።

"መሬት ላይ ነው፣ ዘሀራ።"

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም። ባንቺ ጽሑፍ አይደለም፣ አትዘኚ። እኔ እኮ አሁን በጨለማ ብቻዬን ነው የምወጣው። ምንም አይመስለኝም። ልጄ እማዬ ጀግና ሆነሽ መጣሽ ትለኛለች። ጀግንነት አይደለም። የሆነ ነገር መንገድ ላይ ጥዬ ነው የመጣሁት፣ ቦታው ባዶ ነው።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወጥ ማማሰያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። መጽሐፉ ከሐሳቤ ወጣ። ያሳዘነችኝ ፋጡማ ናት። ያቺ ድመት የምትፈራ፣ ሻሿ የሚያስጮሃት ፋጡማዬ ከሌለች፣ ኮምቦልቻ ተቀምጣ ስልክ የምታነሣው ማናት? ሰው ጓደኛዬ ፈሪ ትሁንልኝ ብሎ ዱዓ ያደርጋል? እኔ አደረግሁ። ለብዙ ቀን ስሰግድ የምለምነው ይህንኑ ነበር፣ አላህም ሳይገርመው አልቀረም። ለትዕግሥት ያ ታሪክ አይታተምም አልኳት። እንዴት ሆኖ አለች፣ ጥሩ ነው እኮ አለች፣ በዓሉ ደረሰ አለች። ልጄ፣ እግር አልተሰበሰበም አልኳት፤ የገባት አይመስለኝም።

የገበያው ሽታ ያገኘኝ በዚህ መሐል ነው። ሽንኩርቴን ሳልገዛ ቤቴ ተመለስኩ። ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ልብሴ ተሰጥቷል፤ እሱን አየት አድርጌ ቁጭ አልኩ። ነገሩ ያኔ በራልኝ። ደምና ሰባራ በር ለፋጡማ ታሪክ አይደለም፣ የኖረችው ነው፤ እንዴት ያስፈራታል? የሚያስፈራት ቤት ያለው ሰው የሚፈራው ነው፣ ትንሿ፣ የቤት ውስጧ ነገር። እስክሪብቶዬን አነሣሁ፣ ሽንኩርት የሌለበት ምስር እየበላሁ ጨረስኩት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለፋጡማ ደወልኩላት፣ እዚህ ፀሐዩ ቦግ ባለበት። ልጇ ገበያ ሄዳ ብቻዋን ናት። ቢስሚላህ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። አንዲት ሴት ጓሮዋ ካለው ገመድ ልብስ ስታወርድ የማንም ያልሆነ ቀሚስ ታገኛለች። ሌላው ልብስ ደርቆ ኩርምት ብሏል፣ ቀሚሱ ግን ጠብ፣ ጠብ ይላል። የጎረቤት መስሏት እዚያው ትተወዋለች። በማግስቱም አለ። ፀሐይ ቢመታው አይደርቅም። በየቀኑ ገመዱ ላይ ወደ ቤቱ በር አንድ ክንድ ያህል ይጠጋል። አንድ ቀን ግን ስትወጣ የለም፤ ተመስገን ብላ የራሷን ልብስ ሰብስባ ገብታ ልታስቀምጥ ስትል፣ ከቁም ሣጥኑ በር ሥር ውሃ ይወርዳል። ጠብ። ጠብ።

አንብቤ ጨረስኩ። መስመሩ ተቋርጦ ይሆናል ብዬ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም። ትንፋሿ ይሰማኛል።

"ዘሀራ" አለች ቆይታ፣ በቀጭን ድምፅ። "ጠዋት ልብስ አጥቤ ነበር።"

"እሺ።"

"ጓሮ ነው ያሰጣሁት። ደመና መጥቷል፣ ማስገባት አለብኝ።" ቅርጫት ስታነሣ ሰማሁ። "ስልኩን እንዳትዘጊው። ዝፈኚልኝ።"

ዘፈንኩ። "አለሁ እታች፣ አለሁ እታች።" ስንት ዘመን ያልወጣ ድምፅ ነው፣ እንደ ጋሽ ገረመው ማሽን ያቃስታል። ጎረቤቴ በመስኮት በኩል ብቅ ብላ አየችኝ፣ ያላ ዘወር በይ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋት፣ አላቋረጥኩም። አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ከዚያ ከሩቁ አገር የቆርቆሮ በር ሲከፈት ሰማሁ። ነፋስ ሰማሁ። የልብስ መቆንጠጫ ቅርጫት ውስጥ ሲወድቅ ሰማሁ። ፋጡማ እያንዳንዱን ልብስ ስሙን እየጠራች ታወርዳለች፤ ይሄ የኔ፣ ይሄ የልጄ፣ ይሄ የኔ፣ ይሄ የአማቼ ሱሪ። አለሁ እታች እላለሁ እኔ። ድንገት ድምፅዋ ቆመ።

"ዘሀራ" አለች በሹክሹክታ። "ይሄ ቀሚስ የማነው?"

ዘፈኔ አፌ ላይ ቀረ። ዓይኔ ወደራሴ ቁም ሣጥን ሄደ። ደሜ ሲቀዘቅዝ ተሰማኝ፣ ያውም በካርቱም ሙቀት። "ፋጡማ?" አልኩ። "ፋጡማ!" ከዚያ መጀመሪያ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚንቀጠቀጥበት ዝምታ መጣ። ስልክ ትከሻ አያሳይም፣ እኔ ግን አየሁት። ቀጥሎ ሳቋ ፈነዳ፣ ያው የካፉሪው፣ ቤት የሚሞላው። እየሳቀች ቅርጫቷን ይዛ ወደ ቤት ስትሮጥ፣ በሩንም ከኋላዋ ድው አድርጋ ስትዘጋው ሰማሁ። "አለሁ እላይ" አለችኝ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

እኔም ሳቅሁ፣ አለቀስኩም። ቀና ስል ሁለቱም እግሮቼ አልጋው ላይ ነበሩ። መቼ እንደሰበሰብኳቸው አላውቅም። ታሪኩን እዚያው እንደተቀመጥኩ ለትዕግሥት ላክሁላት፤ እግሬን ግን ጎረቤቴ መጥታ በሩን እስክታንኳኳ ድረስ አላወረድኩትም።